የአቶ ደርቤ ስድብ

«የኔ ልጅ፣ እባክሽ በሩን ዝጊው» አለ ግድግዳው፣ በሟቹ በአቶ ደርቤ ድምፅ።

ሴት ልጁ ውዳላት ክው አለች። አባቷ በሩ ክፍት በተተወ ቁጥር ቤቱ እንዲጮህ የቀረጸው «አንቺ ዝርክርክ፣ በሩን!» የሚለውን ነበር። ግን ትናንት ተቀበረ፤ በቀብር ላይ የተነበበ የሕይወት ታሪክ ደግሞ ሕግ ነው። የሟቹ ድምፅና ምስል ሁሉ ከተነበበው ጋር እንዲስማማ ይታረማል። የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ ዋሴም እንደ ወጉ «ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም» ብለው አንብበዋል።

ውዳላት እየፈራች አንድ የድሮ ተንቀሳቃሽ ምስል ከፈተች። አባቷ የግንባታ ፎርማን ሳለ፣ ብረት የጎደለው የትምህርት ቤት ምሰሶ በኮንክሪት ሊሞላ ሲል ደርሶ በተቋራጩ ላይ የስድብ ናዳ ያወረደበት ቀን ነው። ምሰሶው ያን ዕለት ፈርሶ እንደገና ተሠራ። ውዳላትም የተማረችው እዚያው ነው።

አሁን ግን በምስሉ ላይ አባቷ ምሰሶውን አየና ፈገግ ብሎ «በርቱ ልጆች» እያለ አለፈ።

ውዳላት ነጠላዋን አንጠልጥላ ጋሽ ዋሴ ቤት ከነፈች።

«ጋሼ፣ ያነበቡትን አርመው ተሳዳቢ ነበር ብለው ይጻፉልኝ።»

«ውይ ልጄ! ሙት ወቃሽ ልታደርጊኝ?»

«ያ ስድብ ስንት ልጅ አትርፏል! አባዬን ከነስድቡ ይመልሱልኝ።»

ጋሽ ዋሴ ብዕራቸውን አነሱ። «እውነቱን ለመናገር እኔንም ሰድቦኛል» አሉ። «ደግሞ ይገባኝ ነበር።»

ቤቷ ስትገባ ግድግዳው አምባረቀ፦ «አንቺ ዝርክርክ፣ በሩን!»

ውዳላት እንባዋን ጠረገች። በሩን ግን አልዘጋችውም፤ ደግሞ እንዲሰድባት።