ከቡፌው እግር ሥር የወጣው ካሴት

አዶኒያስ ድምፁን አጠፋው። ምስሉ እንኳ በቅጡ ሳይመጣ፣ እኔ አንድ ቃል ሳልሰማ፣ ሪሞቱን አንስቶ ጭጭ አደረገው።

«ለምን አጠፋኸው?» አልኩት።

«የሆነ ሰው ይለፈልፍበታል፣ እማማ ፀሐይነሽ። እኛ የምንፈልገው ምስሉን ነው።»

የሆነ ሰው።

ያ የሆነ ሰው ልጄ ነው፤ ቢሩክ። ወሎ ሰፈር ቪዲዮ ቤት በነበረው ጊዜ የባዕድ አገሩን ፊልም ማይክ ይዞ በአማርኛ ይተርከው ነበር፤ ንጉሡም እሱ፣ ሕፃኑም እሱ፣ አሮጊቷም እሱ። አንዳንዱን ደግሞ ቤት፣ ጓዳ ተዘግቶ፣ ካሴቱ ላይ ይቀዳው ነበር። ሰዉ ከፊልሙ ይልቅ እሱን ሊሰማ ነበር የሚመጣው። ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ። ፎቶግራፉ ግድግዳውን ሞልቶታል፤ ድምፁ ግን የትም የለኝም።

ወደ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ስገባ ማጫወቻው ተሰባብሮ ነበር። ድምፁ ክሩ ላይ መቅረቱ ትዝ ሳይለኝ፣ ፊልም እንደሆነ ፊልም ነው ብዬ ካሴቶቹን ሁሉ በሁለት ሳፋ ለቆራሌ ለወጥኩ። አንዷን ያስቀረሁት የዚህ ቤት ወለል ጠማማ ስለሆነ ነው፤ ቡፌው ሲወዛወዝብኝ እግሩ ሥር ወሸቅኳት። ባለፈው ሳምንት ዲና ከሁለተኛ ፎቅ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ጎንበስ ስትል አየቻት። አውጥታ አቧራዋን ጠርጋ ላይዋ ላይ የተጻፈውን አነበበችልኝ፤ ክፍል አሥራ ዘጠኝ፣ ተራኪ አባ ነጎድጓድ። እሷ በክፍል አሥራ ዘጠኙ በደስታ አበደች። እኔ ካሴቷን ከእጇ የወሰድኩት በአባ ነጎድጓድ ነው። ወሎ ሰፈር ልጄን የሚጠራው በዚህ ስም ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ቡፌ አሸክሜዋለሁ፤ ይህ ለማን ይነገራል? ማጫወቻ ይዛችሁ ኑና እዚሁ፣ እኔ ፊት እዩት አልኳት። ተራኪው ልጄ መሆኑን ግን አልነገርኳትም።

ይኸው መጡ። ዲና፣ አውሮፕላን ማረፊያ ካርጎ የሚሠራው አዶኒያስ፣ ባለመነጽሩ እዝራ። ሦስቱም ሠላሳን ያለፉ፣ ደሞዝተኛ ሰዎች ናቸው፤ የመጡት ለጃፓን የሥዕል ፊልም ነው። አንዲት ልጅ የብረት ወፍ ላይ ተቀምጣ ትዋጋለች፤ አለቀ። ለዚህ ነው እንግዲህ እንደ ርስት ሙግት የሚሟገቱት።

እዝራ አዲስ የወጣው ዲስክ ይሻላል ይላል፤ ጠርቷል፣ ጸድቷል። ዲና ደግሞ ከመጽዳቱ ብዛት የልጅቷ ፊት ላስቲክ ሆኗል፣ ቀለሙን የጠበቀው ጃፓኖቹ መጀመሪያ በሣጥን አሽገው ያወጡት የዲስክ ስብስብ ነው ትላለች። አዶኒያስ ሁለታችሁም አታውቁም ባይ ነው፤ ዲስኮቹ ላይ ለሰፊ ቴሌቪዥን እንዲመች ብለው የሰዉን ሁሉ ግንባር ቆርጠውታል። የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ክፍል አሥራ ዘጠኝ ላይ ዝናብ የሚዘንብበት ቦታ በየትኛውም ዲስክ ላይ አለመኖሩ ነው። የተረፈው ድሮ ከዓረብ ቴሌቪዥን ተቀድቶ በመጣ፣ እንደዚህ ባለ ካሴት ላይ ብቻ ነው አሉ። ስለዚህ ምስሉን ከዚህ ይወስዱና ድምፁን ጥለው የጃፓኑን ያለብሱታል።

«ፓስታው ቀዘቀዘ» አልኩ። ሦስተኛዬ ነው። የሰማኝ የለም።

«ሰማያዊው አረንጓዴ ሆኗል» አለች ዲና።

«የካሴቱ ክር አርጅቶ ነው» አለ አዶኒያስ።

«አይደለም፣ ከመጀመሪያውም እንዲህ ነው። እስቲ እዚህ ጋ አቁመው።»

አቆመው። ወደ ኋላ መለሰው። እንደገና አቆመው። ክሩ እዚያ ውስጥ በተንሿሿ ቁጥር ከወንበሬ ብድግ እላለሁ። ያረጀ ክር ስንቴ ይመላለሳል? ቢበጠስስ? ልጄ እዚያ ውስጥ እያወራ እነዚህ ስለ ሰማያዊ ይነታረካሉ። ልናገር እልና ቡፌው ያፈጥብኛል። አሁን እግሩ ሥር የተጣጠፈ ካርቶን ነው ያለው።

ዝናቡ ጋ ደረሱ። ልጅቷ ውኃ እየወረደባት ቆማ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ድምፅ የለም። ሦስቱም ትንፋሻቸውን ውጠው አዩ።

«በቃ፣ ይኸው ነው» አለ እዝራ። «ልፍለፋውን ጠርገን እናወጣለን።»

ተነሣሁና ሪሞቱን ከአዶኒያስ እጅ ነጠቅኩት። የቱ ቁልፍ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ የተጻፈበትን አላነብም፣ አላነብም ብዬም ለማንም ነግሬ አላውቅም። መልሼ ሰጠሁት።

«ድምፁን ክፈተው» አልኩት። «የሚለፈልፈው ልጄ ነው። ቡፌ ሥር የከተትኩትም እኔ ነኝ። አሁን ክፈትና ሦስታችሁም አፋችሁን ዝጉ።»

አዶኒያስ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልደፈረም። ክሩን መለስ አድርጎ ድምፁን ከፈተው።

መጀመሪያ እንደጋለ ዘይት ተንጣጣ። ከዚያ ቢሩክ መጣ። ድምፁን አቅጥኖ ልጅቷን ሆኗል፤ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ጠላቷን፣ እኔ ከዚህ አልነቃነቅም፣ አንተ መንገድ ቀይር ይለዋል። ወዲያው ከጀርባው፣ ከሩቅ፣ አንዲት ሴት ተጣራች።

«ቢሩክ፣ ፓስታው ቀዘቀዘ አልኩህ እኮ። ስንቴ ልጥራህ?»

እኔ ነኝ። ጥርሴ ገና ሙሉ፣ ጉሮሮዬ ምላጭ የሆነ ጊዜ።

አላቋረጠም። ማይኩን ሳይዘጋ፣ ልጅቷንም ሳይተው፣ በዚያው በቀጭኑ ድምፅ፣ «መጣሁ እማዬ፤ ይሄን ሰውዬ ልጨርሰውና» አለ።

ዲና ልትስቅ ጀምራ አፏን በእጇ ያዘች። ስለ ቀለም የተነፈሰ የለም። እዝራ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፓስታ አየ፤ እኔን አየ፤ ቀስ ብሎ ሹካውን ሊያነሣ እጁን ሰደደ።

«ይቀዝቅዝ» አልኩት።

አዶኒያስ ሳልነግረው ክሩን ወደ ኋላ አጠነጠነ።