በቴሉጉው ሰልፉ ይረዝማል

ወይዘሮ እጸገነት ለሕንድ ጣዖት ሲሰግዱ መጀመሪያ ያየቻቸው ጎረቤታቸው ጀሚላ ናት። ወንፊት ልትዋስ መጥታ በሩ አልከፈት ሲላት በኮሪደሩ መስኮት አጮለቀች።

ልጃቸውን ሰምሃልን ከሥራ ስትመለስ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ጠብቃ ያዘቻት።

«ሰሚ፣ ወሬኛ እንዳትዪኝ።»

«ምነው ጀሚ?»

«ቲቪው ላይ አራት እጅ ያለው ምስል አለ። አበባ፣ ከበሮ፣ ጭፈራ። እማማ ደግሞ ተንበርክከው ግንባራቸውን ስክሪኑ ላይ ደፍተው ያለቅሳሉ። ወላሂ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት።»

«ቲቪው እኮ ወለል ላይ ነው ያለው።»

«ቢሆንስ? አንቺ ዜና ስታዪ ግንባርሽን ትደፊያለሽ?»

ካዛንቺስ የነበረው ቤታቸው ፈርሶ ወደ ሰንጋ ተራ ሲመጡ የቲቪው ማስቀመጫ ተሰባበረ። የተካው የለም። አረጋዊ የሞተው በዚያው ሰሞን ነው። የሰምሃል ታላቅ ወንድም፣ የወይዘሮ እጸገነት አንድ ወንድ ልጅ። ለትምህርት በሄደበት ሕንድ፣ ባንጋሎር አጠገብ ወንዝ ወሰደው። አስከሬኑ አልተገኘም።

ሙት ዓመቱ የፊታችን እሁድ ነው።

«እማዬ፣ ምንድን ነው የምታዪው ፊልም?»

«ፊልም ነዋ።»

«ትሰግጃለሽ እያሉ ነው።»

«ይበሉ።»

ፍላሹን ከቲቪው ነቅለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

ሰምሃል ወረደች። ከሕንጻው ሥር ሱሩር የሚባል ወጣት ስልክ ይጠግናል፤ ፊልምም ፍላሽ ላይ ይጭናል። የወይዘሮ እጸገነትን ስም ስትጠራለት ሳቀ።

«እማማ? የኔ ምርጥ ደንበኛ! መጀመሪያ በካነዳ ጫንኩላቸው።»

«ካናዳም እንዲህ ዓይነት ፊልም አላት?»

«ካ-ነ-ዳ! የሕንድ ቋንቋ ነው፣ እህቴ። በነጋታው ተመልሰው መጡ። ‹ይሄኛው ሰልፉን ቆርጦታል፤ በቴሉጉው ሰልፉ ይረዝማል› አሉኝ። ቴሉጉም ሌላ የሕንድ ቋንቋ ነው። ልዩነቱን እኔ ራሴ አላውቅም ነበር። የአማርኛ ትርጉም እንኳ የለውም እኮ።»

«ማን ነግሯት ነው?»

«ከሕንድ የሚጽፍላቸው ሰው አለ መሰለኝ። የፊልሙን ስም ስልካቸው ላይ አሳዩኝ።»

«ስለ ምንድን ነው ፊልሙ?»

«የሃይማኖት ነው። ማለቴ፣ እንደናንተ ገድል በይው። አንድ ድሃ አማኝ አለ። አምላኩን ሲለምን፣ ሲለምን፣ በቃ መጨረሻ ላይ የሞተ ልጁን ያስነሣለታል።»

ሰምሃል ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። አሁን ሁሉም ገባት። ልጃቸውን የወሰደው ወንዝ የሕንድ ነው፤ እናቷም የሕንድን አምላክ መልስልኝ እያሉ ነው። አንድ ሰው ደግሞ ከዚያ ሆኖ ይገፋቸዋል። አእምሯቸውን ሊነኩ ነው። ነገሩ ከተሰማ የሙት ዓመቱን ጸሎት የሚያደርስላቸው ካህን አይኖርም።

ለንስሐ አባታቸው ለመምሬ ገብረመስቀል ነገረቻቸው።

መምሬ መጡ። መስቀላቸውን አሳልመው ተቀመጡ። ቲቪውን አዩት፤ ጥቁር ነው።

«እጸገነት፣ ልጄ፣ እውነት ነው?»

ወይዘሮ እጸገነት የነጠላቸውን ቋጠሮ ጨበጡ።

«እንግዲያስ ክፈቱትና እኔም ልየው። ሳላይ አልፈርድም።»

ሰምሃል ብድግ አለች። ወይዘሮ እጸገነት ቀድመዋት ቲቪው ፊት ቆሙ።

«አይከፈትም።»

«እማዬ!»

«አይከፈትም አልኩ!»

መምሬ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አትፍሪ። በሕይወት ላለ ሰው ንስሐ አለው። ሰው ይስታል፣ ይመለሳል። የሚቸግረው ለጣዖት ሰግዶ ንስሐ ሳይገባ የሞተ ነው። ለዚያ እንኳን ሙት ዓመት፣ ፍትሐትም አይደረግለትም።»

ወይዘሮ እጸገነት የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈቱ። ፍላሹን ወለሉ ላይ አኖሩት። ከኩሽና ዘነዘና አምጥተው መቱት። ደገሙት። ከደቀቀ በኋላም አላቆሙም፤ ሰምሃል ናት እጃቸውን የያዘችው።

ከዚያ መምሬ እግር ሥር ወደቁ።

«እኔ ነኝ የሰገድኩት፣ አባቴ። እኔ ብቻ።»

ቀኖና ተሰጣቸው። ጾም፣ ስግደት። ለጊዜው ከቁርባን ተከለከሉ። አሜን ብለው ተቀበሉ። ሰምሃል እናቷ ሲጽናኑ ያየች መሰላት።

እሁድ የአረጋዊ ስም በቤተ ክርስቲያን ተጠራ። ጸሎቱ ሳይጎድል ደረሰ። ወሬው ግን ቀድሞ ደርሶ ኖሮ ሴቶቹ ከወይዘሮ እጸገነት ሸሸት ብለው ቆሙ። አንዷ ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። ወይዘሮ እጸገነት ቀና አላሉም። የልጃቸው ስም በተጠራ ቁጥር ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ከዚያ ወዲህ እህል አልቀምስ አሉ። ከሰዓት በኋላ ጥቁሩ ቲቪ ፊት ይቀመጣሉ። በመዳፋቸው የመስታወቱን የታችኛውን ግራ ጥግ ይደባብሳሉ። ሰምሃል ስትጠራቸው አይሰሙም።

«ጣዖቱ አልለቀቃትም» አለች ለጀሚላ። «ልትሞትብኝ ነው።»

«ያ ልጅ ደግሞ ሊጭንላቸው ይችላል። ሂጂና አስጠንቅቂው።»

ሰምሃል ወረደች።

«ሱሩር፣ ያንን ፊልም ለእናቴ ሁለተኛ ብትሰጣት ፖሊስ ነው የምጠራብህ።»

«ኧረ ቀስ! አልመጡም። ደሞ ምን አጠፋሁ? ፊልም እኮ ነው። አይተሽዋል?»

«አላየሁም። አላይም።»

«ሳታዪ ነው እንዴ የምትጮኺብኝ? ነይ፣ እሳቸው የሚወዱትን ቦታ ላሳይሽ። ከዚያ ፖሊስም ጥሪ።»

ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረው። ፊልሙን አሳለፈ፣ አሳለፈና ሰልፉ ላይ ለቀቀው። ከበሮ። የአበባ ጉንጉን። በወፋፍራም መሎጊያዎች ላይ ከፍ ብሎ የሚወዛወዝ ምስል።

ምስሉን ከትከሻቸው አውርደው መሬት ላይ ተደፍተው ከሰገዱት ተሸካሚዎች አንዱ፣ በግራ ጥግ ያለው ግንባሩን ነጭ የተቀባው ረጅሙ፣ አረጋዊ ነበር።