ባለ ሽርጡ ሽማግሌና ብሉቱዙ

ከሚሴ ላይ ሽማግሌ ልኮ መልስ የሚጠብቅ ወንድ ከሩቅ ይታወቃል። ጫማው ያብረቀርቃል፣ ሰላምታው ይበዛል፣ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ብድግ ይላል። ሙስዐብም ሰሞኑን እንዲያ ሆኗል።

ሙስዐብ መናኸሪያው አጠገብ የስልክ ዕቃ ይሸጣል። ቻርጀር፣ ከቨር፣ ኤርፎን። ሽማግሌዎቹ ሰንበቴ ድረስ ሄደው ፈይሩዝን ጠይቀውለታል። አባቷ እሺም እምቢም አላሉም። «እስቲ የልጁን ጠባይ እናጣራ» ብለው ሸኟቸው።

«ሰው ይልኩብሃል» አለችው እናቱ ዘምዘም። «አባትህንም የኔ ቤተሰቦች እንዲሁ ነው ያስጠኑት። ማን እንደሚመጣ አይነግሩህም። ምላስህን ሰብስብ፣ ፊትህን ፍታ፣ ደግሞም አትቸኩል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

ሙስዐብ እንቅልፍ አጣ። ባጃጅ ለሚነዳው ጓደኛው ለሪድዋን «ፈይሩዝን ከከለከሉኝ ወላሂ ሱቁን ዘግቼ ነው የማብደው» አለው። ሪድዋን ሳቀበት፤ ሲመሽ ግን አብሮት ዱዓ አደረገ።

አንድ ረፋድ ላይ ከሰንበቴ የመጣ ሚኒባስ ከሱቁ ፊት ለፊት ሰው አራገፈ። ከወራጆቹ ሁለቱ ወደ ሱቁ መጡ። አንደኛው አረንጓዴ ሽርጥ ያሸረጡ፣ በትራቸውን እንደ ዳኛ የጨበጡ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። ሌላዋ ፌስታል ያንጠለጠሉ ሸምገል ያሉ እናት ናቸው፤ እሳቸው በር ላይ ካለው የለስላሳ ሳጥን ላይ አረፍ አሉ።

ሪድዋን ከባጃጁ አንገቱን አውጥቶ በዓይኑ ወደ ሽማግሌው ጠቀሰ። ሙስዐብ «የተላኩት እሳቸው ናቸው» ብሎ ብድግ አለ።

«አካም ጅርቱ አባባ? ግቡ፣ ግቡ!»

«ነገያ፣ አልሐምዱሊላህ። መንዙማም ዘፈንም የምሰማበት ፈልጌ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ይሄ ጆሮ ውስጥ የሚወሸቀው ገመድ አልባ ይሻለኛል? ወይስ ባለ ገመዱን ኤርፎኔን ይዤ ብሉቱዝ አዳፕተር ልግዛለት?»

ለሱቅ ሰው ይህ የዘወትር ጥያቄ ነው። ገመድ አልባው ይቀልላል፣ ግን ቶሎ ይጠፋል። አዳፕተሩ የለመዱትን ኤርፎን ከስልኩ ጋር ያለ ገመድ አገናኝቶ ያስቀጥላል፣ ግን እሱም ቻርጅ ይፈልጋል። ሌላ ቀን ቢሆን ሙስዐብ ይህን በአንድ ትንፋሽ ተናግሮ ይጨርስ ነበር። ዛሬ ግን ፈራ።

«አንቱ የትኛውን ወደዱት?»

«ገመድ አልባው ደስ ይላል።»

«ምርጫ ያውቃሉ አባባ! እሱ ነው የሚሻለው።»

ሽማግሌው ጢማቸውን አሻሹ። «ከብት ስከተል ከጆሮዬ ቢወድቅስ? አዳፕተሩ አይሻልም?»

«እሱስ እውነትዎን ነው! አዳፕተሩ ነው የሚሻለው።»

«እህ! የቱ ነው ታዲያ?»

«ሁለቱም፣ አባባ!»

ሪድዋን ውጭ ሆኖ ግንባሩን መታ።

«ልጄ» አሉ ሴትየዋ ከሳጥኑ ላይ። «ይቺ ኤርፎን በቀኙ አልሰማ አለችኝ። ገመድ አልባውን ልግዛ ይሆን?»

አይ፣ ሰው እንዲህ ባለ ሰዓት ይመጣል? ቶሎ ካልሸኛቸው ትልቁ እንግዳ ሊሰለቹበት ነው። ሙስዐብ ዓይኑን ከሽማግሌው ሳይነቅል ኤርፎኗን ተቀበላቸው።

«አይግዙ እማማ» አለ ተቻኩሎ። «ርካሹ ሳይውል ሳያድር ይበላሻል፣ ውዱ ደግሞ ለአንቱ ምንም አይጨምርም። ይቺ ጤነኛ ናት፣ ቆሻሻ ነው የደፈናት።» በስቲኪኒ ጫር ጫር አደረጋት፣ እፍ አለባት፣ ስልካቸው ላይ ሰክቶ ሰጣቸው። መንዙማው በሁለቱም ጆሯቸው ገባ።

«ለእናትህ ቢሆንስ ይሄንኑ ትላት ነበር?»

«እናቴማ እንዲህ ያለውን ነው የምትጠቀመው።»

«የማን ልጅ ነህ?»

«የዘምዘም።»

«ማሻአላህ። ስንት ልክፈልህ?»

«ለእፍታ ይከፈላል እንዴ? ይሂዱ እማማ፣ መኪና እንዳያመልጥዎ።»

ሴትየዋ መርቀውት ወጡ። ሙስዐብ አሜን ለማለት እንኳ ጊዜ አልነበረውም፤ ለሽማግሌው ወንበር እየጠረገ ነበር። ሪድዋን ቀዝቃዛ ለስላሳ እንዲያመጣ ተላከ። ለስላሳው ተጠጣ፣ ሌላ ተደገመ። በመጨረሻ ገመድ አልባውም አዳፕተሩም በአንድ ፌስታል ተጠቀለሉ።

«ስጦታ ነው፣ አባባ።»

«ይሄን ሁሉ? ለምን?»

«እንዲያው ሲያዩዎት አባት አባት ይላሉ።»

ሽማግሌው ፌስታሉን ሳያስደግሙ ተቀበሉ። «አላህ ያሰብከውን ይሙላልህ» ብለው እየሳቁ ወጡ።

«ሰማህ?» አለ ሙስዐብ የሪድዋንን ትከሻ ይዞ። «ያሰብከውን አሉኝ እኮ! ያሰብከውን!»

ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌ ሆነው የሄዱለት ሸህ ሙሐመድዘይን ሱቁ ድረስ መጡ። «ጠባዩን አይተናል፣ ወደነዋል ብለዋል። የኒካሁ ቀን ይቆረጥ» አሉ። ዘምዘም እልልታዋን አቀለጠችው። ሙስዐብ በደስታ እንባው መጣ፣ ሪድዋንን አቅፎ ከመሬት አነሳው።

«አዳፕተሩ ነው የሠራው! አላልኩህም?»

በኒካሁ ቀን ሰንበቴ ላይ ዳሱ በሰው ሞላ። ሙስዐብ በሙሽሪት ወገን ከተቀመጡት መሀል አረንጓዴ ሽርጥ ፈለገ። ነጭ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ ባለ መስመርም አለ። አረንጓዴ ግን የለም። ኒካሁ እንደታሰረ ወደ ፈይሩዝ አባት ጠጋ አለ።

«አባባ፣ ያኔ ሱቄ የላካችኋቸው ባለ አረንጓዴ ሽርጡ አባት አልመጡም እንዴ? ላመሰግናቸው ነበር።»

«የምን ሽርጥ?» አሉ አማቱ ግራ ገብቷቸው። «እኛ የላክነው ሰው ጓዳ ነው ያለው። ግባና ጉልበት ሳም።»

ጓዳው ጥግ ፍራሽ ላይ የተቀመጡት የፈይሩዝ አያት ባለ ገመድ ኤርፎናቸውን ከጆሯቸው አወጡና «ና ልጄ፣ ቀኙ ዛሬም ይሰማል» አሉት።