የብርጭቆው ጥርሶች

ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ነው፤ ፊደልም እስታለሁ። ይቅር ብላችሁ አንብቡልኝ።

አባትየው በተማረበት አገር የጥርስ ሐኪም ነበር። እዚህ ግን ውጭ የተማረ ሁሉ እንደገና ካልተፈተነ ፈቃድ አይሰጠውም። ተፈተነ፤ ወደቀ። አሁን መጋዘን ውስጥ ሣጥን ይሸከማል። የቀረው አንድ ዕድል ነው፤ ያም ካመለጠው በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

ፈተናው የእጅ ሥራ ነው፤ መለማመጃው የሰው ጥርስ። እናትየው የጥርስ ክሊኒክ ስለምታጸዳ የተነቀለውን እየለመነች ታመጣለታለች። እሱ ጀሶ ላይ ተክሎ ይሰረስረዋል። የተረፈው መስኮቱ ላይ ብርጭቆ ውስጥ ይቀመጣል።

ልጅቷ የምትተኛው ከመስኮቱ ሥር ነው።

«የሞቱ ሰዎች ጥርስ ነው» አላት ወንድሟ። «ፍለጋ ይመጣሉ። ካጡት ያንቺን!»

«ሂድ ወደዚያ!» አለችው። ግን ከዚያ ወዲህ አፏን በእጇ ሸፍና ነው የምትተኛው።

አንድ ቀን አባትየው መሰርሰሪያውን ወረወረ። «ይኼ ሁሉ የተበላ ነው! ገና ስነካው ይፈረካከሳል። ጤነኛ መንጋጋ ካላገኘሁ በምን እጄን ላፍታታ?»

«አይዞህ፣ ይገኛል» አለች እናትየው።

ተገኘም። ነጭ፣ ድፍን መንጋጋ። ሰንብቶ ደግሞ ሌላ። አባትየው ወደ ብርሃኑ አንስቶ አገላበጠው።

«እንዲህ ያለውን የሚያስነቅል ምን ዓይነት ሞኝ ነው?»

«ሞኝ ሞልቷል። ይልቅ ሥራህን ሥራ!»

ሳቀ። እናትየውም ሳቀች፤ አፏን በእጇ ሸፍና።

ልጅቷ አየቻት። ለካ እሷም ሟቾቹን ትፈራለች! ለዚህ ነው ምግብ የማይወርድላት። ዳቦዋን ሻይ ውስጥ ነክራ እንዳለ ትውጠዋለች። ከሥራ ስትመጣም ሻርፗን እስከ ጉንጯ ተጠቅልላ ነው፤ «ብርዱ» ትላለች። ብርጭቆው በሞላ ቁጥር እናቷ ትከሳለች።

«እማዬ፣ እንጣለው። እየበሉሽ ነው።»

«አባትሽ ፈተናውን ይለፍ እንጂ እንጥለዋለን፣ የኔ ልጅ።»

አለፈ። ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ልጅቷም ብርጭቆውን በገዛ እጇ ደፋችው። ተገላገልን ብላ ተነፈሰች።

ሥራ በጀመረበት ቀን ቤተሰቡ ሁሉ የሚያክምበትን ክፍል ሊያይ ሄደ። አባትየው ነጭ ጋውኑን ለብሶ ወንበሩን መታ መታ አደረገ።

«የመጀመሪያዋ ታካሚ አንቺ ነሽ። ነይ እመቤቴ፣ ተቀመጪ!»

«እኔን ተወኝ፤ ምንም አላመመኝም።»

«የሐኪም ሚስት ሆነሽ ወንበር ትፈሪ?» እየሳቀ አስቀመጣት። መብራቱን አበራ። እጇን ከአፏ ላይ ቀስ አድርጎ አነሳ።

«በይ፣ ክፈቺ።»

ከፈተች፤ ከኋላ፣ በግራም በቀኝም፣ ባዶ ድድ ብቻ ነበር።