ቅልቅል

መሬት ጠቦ ሙታን በወይን ሐረግ ሥር መቀበር ከጀመሩ ወዲህ፣ ሐረጉ ሲያፈራ ቤተሰብ መጥቶ ከሐረጉ የተጠመቀውን ቀይ ወይን ቀምሶ የሚወስደውን ይመርጣል። ወይዘሮ ትርንጎ የሙሽራዋን ልጃቸውን ወይን ቀመሱ።

«ለብቻው ይኮመጥጣል፤ ቅልቅሉን ይሞክሩት» አለ ጠማቂው፣ ከሙሽራው ሐረግ የተጨመረበትን ብርጭቆ እያቀረበ።

ወይዘሮ ትርንጎና አብረዋቸው የመጡት የሙሽራው እናት ተያዩ። ልጆቻቸው የሞቱት ሰርጉ አልፎ ለቅልቅል ሲመጡ መኪናው ተገልብጦ ነው። የሚነዳው ሙሽራው ነበር።

ወይዘሮ ትርንጎ ቅልቅሉን ቀመሱ። «ይጣፍጣል» አሉ። ብርጭቆውን ግን መለሱት። «ልጄን ለብቻዋ ቅዳልኝ።»

የሙሽራው እናት የተመለሰውን ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ያዙ። «ይኮመጥጣል እኮ፣ እትዬ» አሉ ቀስ ብለው።

«ይኮምጥጥ። አንዴ አምኜ ከሱ ጋር ልኬያታለሁ።»