የቀለጠ ይመለሳል

መምህሩ ሻማውን ሳህን ላይ አቁሞ ለኮሰው። ሰሙ እየቀለጠ ሲወርድ ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎቹ አሳያቸው። ቀዝቅዞ ሲጠጥርም በጥፍሩ ፍቆ አነሳው።

«አያችሁ? የቀለጠ ነገር ተመልሶ ይጠጥራል። የተቃጠለ ግን አይመለስም። ክሩን ተመልከቱት፣ አመድ ሆኗል።»

ፍሬገነት እጇን አወጣች።

«መምህር፣ እማዬ ‹አባትሽ ቀልጦ ቀረ› ትለኛለች። እሱም ይመለሳል?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ልጅቷ አንገቷን ስትደፋ አንጀቱን በላችው። ልጆቹን ተቆጥቶ ዝም አሰኛቸውና «የቀለጠ ይመለሳል አልኩ እኮ» አላት። የጠጠረውን ሰምም መዳፏ ላይ አኖረላት። ቤቱ ከገባ በኋላ ግን ውሸቱ ሲከነክነው አመሸ።

በሳምንቱ የልጅቷ እናት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀችው። ከመቀነቷ ያንኑ ሰም ፈትታ አሳየችው።

«ትራሷ ስር አገኘሁት። ራት ሳቀርብላት ‹አባዬ ሳይመጣ አልበላም› ትለኛለች። ይመለሳል ብለዋታል አሉ።»

መምህሩ አፈረ። ሚስትና ልጁን ጥሎ የጠፋውን ያን ሰውዬም በሆዱ ረገመው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ። ግን አይዞሽ እህቴ፣ አንድ ቀን ልብ ገዝቶ ይመጣ ይሆናል።»

እናትየው ሰሙን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«የቦቴ ሾፌር ነበር፣ መምህር» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ነዳጅ እንደጫነ መንገድ ላይ ተገለበጠ። ቀለጠ ያልኳት፣ ተቃጠለ ማለት አቅቶኝ ነው።»