አንድ ጥንድ ጫማ ለሁለት

አሁንም ወደ ቀኝ ወደቅኩ። የግድግዳውን ብረት ባልይዝ ኖሮ በግንባሬ እደፋ ነበር።

«ሐሴት፣ ዳሌሽ ተጣሟል» አለችኝ ቲቸር መብርሂት። «ሆድሽን ሰብስቢ፣ ትከሻሽን ዝቅ አርጊ። እንደገና።»

ዳሌዬ ምንም አልሆነም። ጫማው ነው። በጣት ጫፍ የሚቆሙበት የባሌት ጫማ እዚህ አገር እንደ ልብ አይገኝም፤ ከውጭ በሰው በሰው ነው የሚመጣልን። በእኔ ቁጥር የመጣው አንድ ጥንድ ብቻ ስለሆነ አብራኝ ከምትማረው፣ የእግሯ ቁጥር ከእኔ እኩል ከሆነው ከሂባ ጋር በፈረቃ እናደርገዋለን። ትናንት ቄራ፣ ቤቷ ይዛው ያደረችው እሷ ናት። ዛሬ ጠዋት የግራውን ሶል ስነካው፣ ጠንክሮ ሊይዘኝ ሲገባ ልስልስ ብሏል። ቅዳሜ መድረክ ላይ ብቻዋን የምትወጣው አንድ ልጅ ናት፤ የምትመረጠውም ዛሬ ነው። እና ይሄ በአጋጣሚ ነው? ኧረ ተዉኝ።

ሂባ በግራዬ ቆማ እግር እግሬን ታያለች። ስወድቅ ከንፈሯን መጠጠች። ያዘነች ለመምሰል መቼም አንደኛ ናት።

«ቲቸር፣ ጫማው ሳይሰበር አይቀርም» አልኩ፣ ሂባን ላለማየት እየተጠነቀቅኩ። «ማለቴ፣ እኔ ጋ እያለ ደህና ነበር።»

ቲቸር መብርሂት ተንበርክካ ሶሉን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። ከመስኮቱ ውጭ ካዛንቺስን የሚቆፍረው ኤክስካቫተር ጋብ እስኪል ጠበቀች።

«ሂባ፣ እስቲ ዞረሽ በቀኟ በኩል ቁሚ።»

ምን አስባ ነው? እንደገና በጣቶቼ ጫፍ ተነሳሁ። ጉልበቴ ተወጠረ፣ ቁርጭምጭሚቴ ቀጥ አለ። ሂባ ስትተነፍስ ይሰማኛል፤ ምን እያደረገች እንደሆነ ግን አይታየኝም። ወደ ግራ ወደቅኩ።

«ጫማው ደህና ነው» አለች ቲቸር፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ከሂባ ስትሸሺ ነው የምትወድቂው። እሷ ግራ ስትሆን ወደ ቀኝ፣ ቀኝ ስትሆን ወደ ግራ። ቅዳሜ ሂባ ትወጣለች። በቃ፣ አውልቂና ስጫት።»

መሬት ላይ ተቀምጬ የጫማውን ሪባን ፈታሁ። ስንት ወር የለፋሁበት ቅዳሜ እንዲህ በቀላሉ ሄደ። አሁን ትስቅብኛለች ብዬ ቀና አልኩ። ሂባ አልሳቀችም። አጠገቤ ቁጭ ብላ ጫማውን አሰረች፤ ከዚያ ሁለታችንም ተነሳን።

«ሐሱ፣ አንዴ ትከሻሽን፤ ብረቱ ራቀኝ» አለች።

መልሴን አልጠበቀችም። እጇን ትከሻዬ ላይ ጣለችና ሙሉ ክብደቷን ለቃብኝ በጣቶቿ ጫፍ ቆመች። ፊቷ ወደ መስታወቱ ነው፤ እኔን ዞር ብላም አላየችኝ። ትንሽ ፈቀቅ ብል መሬት ላይ ናት። ፈቀቅ ልል እንደምችል ግን በሐሳቧም የመጣ አይመስልም።